በውሃ የተመዘነው ነጀፋ

መኪናዋ የሆሞሻን ኬላ አልፋ ወደ ኩርሙክ ስትከንፍ ሙዳሲር አብዱልቃድር የሚዛኑን ሳጥን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀምጦ ነበር። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሳጥኑን ብድግ ያደርገዋል፤ መኪናዋ ስትረጋ መልሶ ያስቀምጠዋል። የራሱ ወገብ ቢሰበር ይሻለዋል እንጂ ያ ሚዛን እንዲናጥ አይፈልግም። አጠገቡ ሐጃ ዓፊያ የአርባ ሁለት ሴቶች ወርቅ የገባበትን የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ በለበሰችው ቶብ ጫፍ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን በጡጫዋ ጨብጣ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዚክር ታደርጋለች። ሾፌሩ ሁለቱንም በመስታወት እያየ ምን ዓይነት ሰዎች እንደጫነ ግራ ገብቶታል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ወሩ ኅዳር ነው። ጦርነቱ ካርቱም ከገባ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ኩርሙክም በዚያ ሰሞን የስደተኛ ጎርፍ የሚያልፍባት በር ሆናለች። ሰው ሲሸሽ ምን ይዞ እንደሚሸሽ የኩርሙክን ሰው ጠይቁ። ማቀዝቀዣ የተሸከመ መጥቷል፤ የሠርግ ወንበር በአህያ ጋሪ የጫነ መጥቷል፤ የተሰነጠቀ ቴሌቪዥን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሁለት ቀን በእግሯ የመጣች እናት ነበረች። ሐጅ ኢዘዲን የሚባሉ የኦምዱርማን ነጋዴ ደግሞ አራት ሳጥን ሙሉ ብርጭቆ ይዘው መጡ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሱ ብርጭቆ ነው።

ብርጭቆ እንበለው እንጂ ባለቤቱ ነጀፋ ነው የሚሉት። አዲስ አበባ ሻንደሌር ይሉታል፤ ከጣሪያ መሃል ወርዶ ክንዶቹን የሚዘረጋ፣ በየክንዱ እንደ ጉትቻ የተጠረበ ክሪስታል የሚንጠለጠልበት መብራት ነው። ከአሶሳ ወጣ ብላ ያለችው ቤላዱል መንደር መስጊዷን ስታሠራ ግድግዳውንም ጉልላቱንም ወንዶቹ አቆሙት። ሴቶቹ ግን ብርሃኑ የእኛ ነው ብለው ተነሡ። ሁለት ክረምት ጅረት ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ ገበቴያቸውን እያሽከረከሩ ወርቅ አጠቡ። የአንዷ ድርሻ ከጥፍር ጫፍ አያልፍም፤ የአርባ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆን የብልቃጡን ወገብ አለፈ። ከአርባ ሁለቱ አንዷ ዓፊያ ኩርሙክ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነጀፋውን ባየች ቀን ልቧ እዚያው ቀረ። ኢዘዲን ደግሞ በብር አልሸጥም፣ ወርቅ ካልሆነ አሉ፤ ነገ የት እንደሚያድሩ የማያውቁ ሰው ናቸውና አይፈረድባቸውም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ይህ ነገር በእውነት ክሪስታል ነው ወይስ እንደ ክሪስታል ተጠርቦ የተሸጠ ተራ መስታወት? የመስጊዱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሲያበቁ ያለ ሙዳሲር ማን አለን አሉ።

ሙዳሲር በአሶሳ ገበያ ሠላሳ ዓመት ወርቅ የፈተነ ሰው ነው። በጥቁር ድንጋዩ ይፍቃል፣ አሲድ ጠብ ያደርጋል፣ በውሃ ውስጥ ይመዝናል፣ ከዚያ ከሁለት ቃላት አንዱን ይናገራል፤ ወይ «ንጹህ ነው» ወይ «ተቀላቅሏል»። ከዚህ ሌላ አይጨምርም። ወርቅ ፈታኝ ቃሉን አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ የማያጥፈውም ጭቅጭቅ ስለሚፈራ አይደለም። አንድ ጊዜ ያጠፈ ፈታኝ ዘንድ ከዚያ ወዲያ ማንም ወርቁን ይዞ አይመጣም፤ ያለፈውን ሠላሳ ዓመትም ሰው ወደ ኋላ እየቆጠረ መጠርጠር ይጀምራል። ይህንን፣ ሥራውን ያስተማረው አጎቱ በመጀመሪያው ቀን ነግሮታል። «ተቀላቅሏል» የተባለበት ሻጭም እንደዚያው ነው፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቲማቲም እንኳ ቢሸጥ የሚገዛው አያገኝም።

ስለ ክሪስታል ግን ሙዳሲር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ብርጭቆ በዕድሜው ሻይ ጠጥቶበታል፤ በቃ። ይህን ለሽማግሌዎቹ መናገር ነበረበት። አፉን ከፍቶም ነበር፤ ነገር ግን ሰባት ሽማግሌ በአንድ ዓይን ሲያዩትና በልጁ ስም እየጠሩ «አቡ ኢንዓም ካለበት ምን እንፈራለን» ሲሉት እሺ ብሎ ተነሣ። ኩራት የሚባለው ይህ ነው፤ እሱ ግን በዚያን ሰዓት ይሉኝታ መስሎት ነበር።

ሐጅ ኢዘዲን የተከራዩት ክፍል ከአንድ ሱቅ ጀርባ ነው። ሰማንያ የሚጠጉ ረጅም ሰው ናቸው፤ ስደተኛ ይሁኑ እንጂ ጀለቢያቸው ተተኩሷል። እንግዶቹን ካስቀመጡ በኋላ ወጥተው እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በንጹህ ፎጣ አድርቀው ተመለሱ፤ ነጀፋውን ባልታጠበ እጅ ነክተውት አያውቁም። ከዚያ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። ጉትቻዎቹ በአሮጌ ጋዜጣ፣ በካልሲ፣ በሕፃን ልብስ ሳይቀር ተጠቅልለዋል። መቶ ስድሳ ስድስት ናቸው አሉ። አባታቸው ካርቱም ከነበረ ግሪክ ነጋዴ ገዝተውት፣ ሰባ ዓመት ከሳሎናቸው ጣሪያ ላይ ኖሯል።

ወሬው ቀድሞ ስለነበር በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ከፊት የቆመው ጣሀ ይባላል፤ የኩርሙክ ወርቅ ገዢ ነው፤ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን የሚሠራ። ሙዳሲር ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሥራውን ትቶ መጥቷል።

ሙዳሲር አንዱን ጉትቻ አነሣ። ከበሩ የገባው ፀሐይ ሲያገኘው ግድግዳው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ተበተነ። እጁን ሲያንቀሳቅስ ቀለሙ ወደ ዓፊያ ቶብ ዘለለ፤ መልሶ ሲያንቀሳቅስ የጣሀ ግንባር ላይ ተቀመጠ። ሙዳሲር በሕይወቱ የሚያውቀው የራሱን አንድ ቀለም ይዞ አርፎ የሚቀመጥ ወርቅን ነው፤ ይህ ነገር ግን የራሱ ቀለም የለውም፤ የሌላውንም አንድ ቦታ አያስቀምጥም። ምኑን ይያዘው? በጥቁር ድንጋዩ ላይ ፋቀው፤ ምልክት አልተወም። አሲድ ጠብ አደረገበት፤ አሲዱ እንደ ውሃ ተንከባሎ ወረደ። ሰው እያየው ነውና ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ጥርሱ ላይ ነካ አደረገው። እንዲያው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ጥርሱ ምንም አልነገረውም።

የቀረው የውሃ ሚዛን ነበር። ጉትቻውን በክር አንጠልጥሎ መዘነ፤ ስድሳ ሁለት ግራም። ውሃ ውስጥ ሲያወርደው አርባ ሁለት ሆነ። ሌላ አነሣ፤ ያው። ሦስተኛም ያው። ከሌላ ሳጥን ያወጣው አራተኛው ግን መጠኑም ቅርጹም አንድ ሆኖ ሳለ ሃምሳ ብቻ መዘነ፤ ውሃ ውስጥ ሠላሳ። ደግሞ ሞከረ፤ አልተሳሳተም። ሲፈልግ ሌላ ቀላል አገኘ። እንግዲህ ከአንድ ነጀፋ ሁለት ዓይነት ነገር ወጣ ማለት ነው።

ሠላሳ ዓመት የሠራው እጁ ወዲያው ፈረደ። ከባዱ እውነተኛ፣ ቀላሉ አስመሳይ ነው፤ ወርቅ ላይ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ቃሉን ሊናገር ከንፈሩ ተከፈተ። ምን አለ ያኔ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ! ጠንቃቃ ሰው ነውና አንዲት ጥያቄ ልጠይቅ አለ።

«ሐጅ፣ ይህኛው ለምን ከበደ?»

ኢዘዲን ፊታቸው በራ። እስካሁን ዕቃቸውን የሚያውቅ ገዢ ገጥሟቸው አያውቅምና ደስ አላቸው። «እርሳስ አለበታ» አሉ፣ «ያ ጥይት የሚሠራበት ብረት። አባቴ ሲነግረኝ ከመቶ ሠላሳው እጅ እርሳስ ነው። ክብሩ እሱ አይደል?»

ሙዳሲር ጆሮውን ተጠራጠረ። እርሳስ የእሱ ጠላት ነው። ዕድሜውን ያሳለፈው ሰው ወርቅ ሆድ ውስጥ የቀበረውን እርሳስ እየፈለገ ነው። አንድ ዓመት የጡጫ ያህል የወርቅ ድፍን ይዞ የመጣ ሰው ነበር፤ ሙዳሲር ሰንጥቆ መሃሉን ሲያሳይ ገበያው ሰውየውን በድንጋይ ሸኝቶታል። ሌባ እርሳሱን ይደብቃል፤ እኚህ ሰውዬ ደግሞ እየሳቁ ይናገራሉ። እጁ አንድ ነገር ይለዋል፤ ሥራው ሌላ ይለዋል። ከባድ ነው፤ ስለዚህ እውነት ነው። ባዕድ ነገር ገብቶበታል፤ ስለዚህ ሐሰት ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዴት ይሆናል? በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ይጠብቃል፤ ዓፊያ ትጠብቃለች፤ ጣሀ አንገቱን አስግጓል። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን ብሎት አያውቅም።

«ተቀላቅሏል» አለ ሙዳሲር፤ የሚዛኑንም ሳጥን ዘጋ።

በሩ ላይ የነበረው ሰው ወዲያው መበተን ጀመረ፤ እያንዳንዱም ወሬውን ይዞ ሄደ። ኢዘዲን አልተቆጡም፤ አልማሉም። አንዱን ጉትቻ አንሥተው እያዩ፣ «አባቴ አርባ ዓመት ከሥሩ ቁጭ ብሎ ቁርሱን በላ» አሉ፤ «አያውቅም ነበር ማለት ነው?» ዓፊያ ለሴቶቹ የማሳየው ነገር ልያዝ፣ ከከባዱ አንድ ከቀላሉ አንድ ስጡኝ ብትል፣ መያዣ እንኳ ሳይጠይቁ ጠቅልለው ሰጧት። ይህ ነገር ሙዳሲርን ወጋው። አታላይ ማስረጃውን ጠቅልሎ በሰው እጅ አይሰጥም።

ሲመለሱ ዓፊያ ሁለት ክረምት ውሃ ውስጥ የቆመ ጉልበቷን እያሸች፣ ለሴቶቹ ምን ብዬ ልንገራቸው ብቻ አለችው። ቀጥላም ወርቁ መትረፉ ደግ ነው፣ አንተ ባትኖር ይበላን ነበር ብላ መረቀችው። ሙዳሲር ምርቃቱን አሜን ብሎ ለመቀበል አፉ እምቢ አለው። አሶሳ ሲደርሱ ሁለቱን ጉትቻዎች ለዛሬ እኔ ዘንድ ይደሩ ብሎ ወሰዳቸው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ገባ። ፍሬሕይወት የምትባል የኬሚስትሪ መምህርት አለች፤ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ አሶሳ ከተመደበች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። የቃል ኪዳን ቀለበቷን እሱ ዘንድ አስፈትና ነበርና ያውቃታል። ሙዳሲር አማርኛውን በገበያ ነው የለመደው፤ ደህና ይናገራል፤ ግራ ሲገባው ግን ሴቱም ወንዱም አንድ ይሆንበታል።

«መምህርት፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አላት ሁለቱን ጉትቻ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ። «ይሄን ሁለቱን ተመልከት። የትኛው ነው እውነት?»

ፍሬሕይወት ተመለከተች። እውነቱን ለመናገር እሷም ግራ ተጋባች። ክሪስታልን በመጽሐፍ አስተምራ ይሆናል እንጂ በእጇ ይዛ አታውቅም። ወደ ብርሃን አነሣቻቸው፤ ቀለሙን ሁለቱም ይበትናሉ። በእስክሪብቶ ጫፍ መታ መታ አደረገቻቸው፤ አንዱ ጠቅ ብሎ ዝም አለ፣ ሌላው ግን ድምፁ ረዝሞ ክፍሉ ውስጥ ቆየ። ሁለተኛ መታችው፤ ያው ቆየ። ላቦራቶሪ ወስዳ በአየርም በውሃም መዘነች፤ ያገኘችው ሙዳሲር ያገኘውን ቁጥር ነው። ወረቀት ላይ አካፈለች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ፣ ኔትወርኩን እየረገመች፣ መስኮቱ ጋ ቆማ ብዙ አነበበች።

«ቀላሉ የመስኮት መስታወት ነው» አለችው። «ውሃው ሁለቱንም እኩል ነው የቀነሳቸው፤ መጠናቸው አንድ ነው ማለት ነው። ከባዱ ግን እርሳስ አለበት፤ እውነተኛው ክሪስታል እሱ ነው።»

«እርሳስ ከገባማ ተቀላቀለ!»

«እርሳሱ ካልገባ እኮ ክሪስታል አይባልም፣ አባባ። ከመቶ ሃያ አራት እጅ ካልሞላማ በስሙ መጥራትም አይፈቀድም ይላል። የሚያበራው፣ የሚከብደው፣ እንደዚያ የሚጮኸው በእሱ ነው።»

ሙዳሲር ተከራከራት። ሠላሳ ዓመት የፈተነው ወርቅ ሁሉ ምስክሬ ነው አለ፤ ባዕድ የገባበት ነገር ንጹህ የሚባልበት አገር የት አለ አለ። ሳቅ አለችና፣ ወጥ ውስጥ ጨው ሲገባ ተበላሸ ትላለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። አመስግኖ ሁለቱን ጉትቻዎች ኪሱ ከተተና ወጣ። ምን ብሎ ኩርሙክ ላይ እንደተናገረ አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም።

ግቢው ውስጥ ካለ ማንጎ ሥር ተቀመጠ። ተማሪዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። የእሱ ራስ ግን ተገልብጧል። እጁ እውነት ነበር፤ አንደበቱ ሐሰት ተናገረ። ወይስ ይህች ልጅ ተሳስታለች? ስልክ ስንት ውሸት ይጽፋል። ደግሞ አልተሳሳተችም፤ ያ ድምፅ ጆሮው ውስጥ አሁንም አለ። ክሪስታሉን የሠሩት ፈረንጆች ላይ ተናደደ፤ ማን አድርጉ ብሏቸው እርሳስ ጨመሩበት? ኢዘዲን ላይ ተናደደ፤ ማን ተናገሩ አላቸው? ቆይቶ ንዴቱ ዞሮ ዞሮ ራሱ ላይ አረፈ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም። የቤላዱል ሴቶች ወርቃቸው እጃቸው ላይ ነው፤ ሌላ መብራት ይገዛሉ። ፍሬሕይወት ነገሩን ረስታዋለች። የእሱም ቃል ሠላሳ አንደኛ ዓመቱን ይይዛል። ቢናገር ግን ቃሉን ያጠፈ ፈታኝ ነው፤ ነገ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ማንን ይጠብቃል? እንደዚህ ሲያወጣና ሲያወርድ ስልኩ ጮኸ። ዓፊያ ናት። ኩርሙክ ያለችው እህቷ ደውላላት ኖሮ፣ የኢዘዲንን ነገር እያዘነች ነገረችው። ሱቅ ያለው አከራይ ቤቴን ልቀቁ ብሏቸዋል፤ አታላይ አስቀምጠሃል እያሉ ደንበኞቹ እየሸሹት ነው። ለእንጀራቸው የሚሸጡትን ሰዓት እንኳ የሚገዛቸው አጥተዋል፤ ሙዳሲር ተቀላቅሏል ብሏቸዋልና።

ሙዳሲር እስክትጨርስ ሰማት። ከዚያ፣ «ሐጃ፣ ወርቁን ይዘሽ ነገ በጠዋት ጠብቂኝ» አላት። ለምን ስትለው ኩርሙክ ስንደርስ እነግርሻለሁ ብሎ ዘጋ።

ሦስተኛው ቀን ኩርሙክ ሲገቡ መጀመሪያ ያየው ነገር ግንበኛ ነው። ከኢዘዲን ክፍል አጠገብ ግድግዳ የሚያቆም ሰው ቱንቢውን አውርዶ ቀጥ ማለቱን ያያል፤ በክሩ ጫፍ የተንጠለጠለው ግን ብረት ሳይሆን የክሪስታል ጉትቻ ነው። ከየት አመጣኸው ሲለው፣ ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ በባልዲ አስቀምጠውት ነበር፣ የፈለገ ይውሰድ ብለዋል አለው። ሾል ያለና ከባድ ስለሆነ ለቱንቢ ተስማምቶታል። ወዲያ ማዶ ያሉ ሴቶችም የበር መጋረጃቸው ግርጌ ላይ አስረውታል፤ ንፋስ እንዳያነሣው።

ኢዘዲን ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጀለቢያቸው ያው ተተኩሷል፤ ፊታቸው ግን በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆኗል። ከፊታቸው በነጭ ጨርቅ ላይ አሥር ጉትቻ ተደርድሯል። ሰላምታውን ተቀብለው አስቀመጧቸውና፣ «እነሆ ሥራዬን ጨርሻለሁ» አሉ። «ሁሉንም በእጄ እየመዘንኩ ቀላሎቹን ለየኋቸው። ንጹሆቹ እነዚህ ናቸው፤ አንዱ እናንተ ዘንድ አለ። አባቴ ተታሏል፤ እኔ ግን ከእንግዲህ ሰው አላታልልም።»

ከአባታቸው ቃል ይልቅ የእሱን ቃል አምነዋል። ሙዳሲር ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያዞርበት አጣ። ቢሰድቡት፣ ቢገፉት እንዴት በወደደ! ኪሱ ውስጥ ያሉትን ሁለቱን አውጥቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠ፤ ከባዱን ወደ እሳቸው፣ ቀላሉን ከአሥሩ ጋር።

«ሐጅ፣ ስቻለሁ» አለ። «እውነተኛው ከባዱ ነው። አባትዎ አልተታለሉም። እነዚህ አሥራ አንዱ ናቸው ተራ መስታወት።»

ዓፊያ አፏን ያዘች። አሁን ደግሞ ግራ የመጋባቱ ተራ የኢዘዲን ነበር፤ የትኛውን ሙዳሲር ይመኑ? እሱ ሁሉን ነገራቸው፤ ስለ መምህርቷ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ጨውና ወጥ። ሁለቱን ጉትቻዎች ጆሯቸው ሥር መታላቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያም፣ «ይህን የምትነግረኝ ለእኔ ብቻ ነው?» አሉት።

ለእሳቸው ብቻ እንደማይሆን ከአሶሳ ሲነሣ ያውቀዋል። ተነሥቶ ወጣ። የኩርሙክ ወርቅ ገበያ ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ጣሀ ሚዛኑን ዘርግቷል፤ ገዢውም ሻጩም በዙሪያው ነው። ሙዳሲርን ሲያዩ ተነሥተው አከበሩት፤ አንዲት አጣቢ ሴት እንዲያውም ወርቋን ከጣሀ እጅ ተቀብላ፣ ሙዳሲር መጥቷል እሱ ይይልኝ ብላ ወደ እሱ ዞረች። መዳፏ ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ወርቅ አለ።

ሙዳሲር መሃል ላይ ቆመና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የሐጅ ኢዘዲን ነጀፋ ንጹህ ነው፣ ተቀላቅሏል ያልኩት ባለማወቄ ነው፣ ሰውየው እውነተኛ ነው አለ። መጀመሪያ ማንም የገባው አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ ምን አለ ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ሙዳሲር ደገመው። ሁለተኛ ሲናገር የመጀመሪያውን ያህል አልከበደውም፤ ሰው ግን አሁን ነው የሰማው። አጣቢዋ ሴት መዳፏን ቀስ ብላ ጨበጠች፤ ወደ ጣሀም ተመለሰች። ክፋት አልነበራትም፤ ዓይኑን ላለማየት አቀርቅራ ነው የሄደችው።

ሲመለስ የኢዘዲን ክፍል ሰው ሞልቶበታል። ግንበኛው ጉትቻውን ከቱንቢ ፈትቶ ይዞ መጥቷል፤ የማዶ ሴቶችም መጋረጃቸውን እየፈቱ አምጥተዋል። አከራዩ በሩ ላይ ቆሞ ይቅርታ የሚል ቃል ይፈልጋል፤ አላገኘውም መሰለኝ ሻይ ላምጣ ብሎ ሄደ። ኢዘዲን ግን ይህን ሁሉ ትተው አሥራ አንዱን ቀላል ጉትቻ እያገላበጡ ያያሉ። ሲቆይ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓፊያ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሟች ባለቤታቸው ነጀፋውን በየዓመቱ ለረመዳን አውርዳ ታጥበው ነበር፤ አንድም ቀን ሰበርኩ ብላቸው አታውቅም። ለካ አሥራ አንዱን ሰብራ፣ ተደብቃ ኦምዱርማን ገበያ ወርዳ፣ ልኩን ፈልጋ ገዝታ ሰቅላለች። ሃምሳ ዓመት አብረዋት ኖረው ዛሬ አወቁባት።

«እነዚህን አልሸጥም» አሉ በጨርቁ እየጠቀለሉ። «አሥራ አንድ ቦታ ክፍት ይሆናል። ካልተቀየማችሁ።»

ዓፊያ አልተቀየመችም። ክፍቱን ቦታ ለሴቶቹ እኔ አስረዳቸዋለሁ አለች። የቶቧን ጫፍ ፈታች፤ ብልቃጡን አወጣችና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ሙዳሲር እንደ ልማዱ የሚዛኑን ሳጥን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። ሠላሳ ዓመት ወርቅ ብልጭ ባለበት ሁሉ እጁ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አላሰበውም። ክዳኑን ሊከፍት ሲል የኢዘዲን ረጅም እጅ ቀስ ብሎ ክዳኑ ላይ አረፈ።

«አቡ ኢንዓም» አሉት በፍቅር ድምፅ፣ «ሰው ማለት አንተ ነህ፤ አላህ ይስጥህ። ግን አትቀየመኝ። የምሄድበት አገር ሩቅ ነው፤ ያለኝም ይኸው ብቻ ነው። ወርቁን ሌላ ሰው ቢመዝንልኝ።»

ዓፊያ መሬት መሬት አየች። ሙዳሲር እጁን ከሳጥኑ ላይ አነሣ፤ አንገቱን ነቀነቀ፤ ትክክል ነዎት አላቸው። ሌላ ሰው ከመላካቸው በፊት ራሱ ተነሥቶ ወጣ፤ ያንኑ መንገድ ተመልሶ ገበያው ድረስ ሄደ፤ ጣሀን ጠራው። ወጣቱ አፍሮ ነበር፤ እኔ በእርስዎ ፊት እንዴት ብዬ አለ። ሙዳሲር ሚዛንህን ያዝ አለው።

ጣሀ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ የብልቃጡን ክዳን ከፈተ። ሙዳሲር ወደ ውስጥ አልገባም። በሩ ላይ፣ ከግንበኛውና ከማዶ ሴቶች መሃል፣ አንገቱን አስግጎ ቆመ፤ ጣሀ ምን እንደሚል እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ጠበቀ።